በጾም ቻይና ቤት፦ ለስምንት ሰው ምን እንዘዝ?

የገርጂዋ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። አንዷ የቢሯችን ልጅ ወደ ሐዋሳ ተዛውራ ቅዳሜ በምሳ ልንሸኛት ነው። ቦታውን እሷው ትምረጥ አልን፣ መረጠች፤ ገርጂ ውስጥ ያለውን ትንሹን ቻይና ቤት። ቦሌ ያሉትን ባለ መስታወት ሬስቶራንቶች ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ከውጭ ሲታይ ተራ መኖሪያ ግቢ ነው፤ የብረት በር፣ ሁለት ቀይ ፋኖስ፣ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ሰሌዳ። ዘበኛው «ግቡ» ካላላችሁ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ውስጡ ግን የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሩዝ የሚበሉ ቻይናዎች ሞልተውታል። ምግቡ ይጣፍጣል፣ ሳህኑ ጢም ያለ ነው፣ ዋጋውም ለኛ ደመወዝ አይከፋም።

ችግሩ ስብስባችን ነው። ስምንት ነን። አራታችን የነቢያትን ጾም ይዘናል፣ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ ያገኙትን ይበላሉ (አንዱማ ዶሮ ካልታዘዘ ቀርቻለሁ ብሏል)። ሜኑው ፎቶ አለው፤ ፎቶ ግን ዘይቱ የምን እንደሆነ አይናገርም። ባለፈው ዓርብ አስተናጋጇ «የጾም ነው» ብላ ያመጣችልን ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሳይ) ላይ ትንንሽ የተፈጨ ነገር ነበረበት። ስንጠይቃት «እሱ ለጣዕም ነው» አለችን! በናታችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ። ምን ብናዝ ሁላችንም በልተን እንወጣለን?

ሆዴ_ይቅደም
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡31

«ለጣዕም ነው» ሃሃሃ። ቆይ ግን፣ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ምን በደሏችሁ?

የገርጂዋ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡34

የምትሸኘው እሷ ናት። ሽሮ ሐዋሳም አለ።

እሳት_ፊት
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡20

እህቴ፣ እኔ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ አንድ ቻይና ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ከዚያ ደግሞ ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን የሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ልጅቷ አልዋሸችሽም። ለቻይናው ሼፍ «ሥጋ የሌለው» ማለት በጥርስ የሚያዝ ሥጋ የሌለው ማለት ነው። የበላችሁት ቀይ ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ ማፖ ቶፉ ነው፤ ሲቹዋን የሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ምግብ፣ በደንቡ ሲሠራ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል። የበሬም ሊሆን ይችላል፣ የአሳማም። እሱ ግን በዓይን ስለሚታይ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው የማይታየው ነው።

ሼፉ የሚቆምበትን ቦታ ላሳይሽ። ፊቱ ላይ እንደ ድሮ ፕሪሙስ የሚጮህ እሳት አለ። ከጎኑ ጎድጓዳ ሳህኖች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ጨው፣ ስኳር፣ አጂኖሞቶ (ነጩ ማጣፈጫ)፣ የዶሮ ዱቄት፣ በውኃ የተበጠበጠ ስታርች፣ ሶያ ሶስ፣ ኦይስተር ሶስ (ከባሕር ፍጥረት የሚሠራው)። በግራ እጁ ዎኩን (ጎድጓዳውን የቻይና መጥበሻ) እየወዘወዘ በቀኝ እጁ በያዘው ረጅም ጭልፋ ጫፍ ከዚህም ነካ፣ ከዚያም ነካ ያደርጋል። ዓይኑ እሳቱ ላይ እንጂ ሳህኖቹ ላይ አይደለም። እጁ ለምዶታል። ጎመንም ይሁን ዶሮ፣ ያቺ ቢጫ የዶሮ ዱቄት ትገባለች። ስሟ እንደሚለው ዶሮ አለባት፣ ብዙ ጊዜ እንቁላልም። ሳይጀምር ካልተነገረው «የጾም» የተባለውም አያመልጣትም። ከጀመረ በኋላ ብትጮሂ ደግሞ አይሰማሽም፣ እሳቱ ራሱ አያሰማም።

አጂኖሞቶን ሰው ይፈራዋል እንጂ ለጾም ምንም የለበትም። ኪኩናዬ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም ያወጣው ነገር ነው፤ ዛሬ የሚመረተው ሸንኮራ አገዳ፣ በቆሎና የመሳሰለውን በማብላላት ነው። ስለዚህ «አጂኖሞቶ ይግባ፣ የዶሮ ዱቄት ይቅር» ብትይ ጣዕሙም አይጎድልብሽም።

ከዚያ ዘይቱ። ደበርጃን መጀመሪያ በብዙ ዘይት ይጠበሳል። ያ ዘይት ግን ሲያረፋፍድ ዶሮና የአሳማ ሥጋ ሲወጣበት የነበረ ነው፣ ደበርጃን ደግሞ ዘይት ይጠጣል። በእጅ የተቀደደ የሚሉት ጥቅል ጎመን ውስጥም ስስ ስስ የአሳማ ሥጋ መጨመር የተለመደ ነው፤ ፎቶው ላይ ሽንኩርት መስሎሽ ታዢዋለሽ።

እኔ ብሆን የማዘው፦ በቀጭኑ የተከተፈ ድንች በአቼቶና በዛላ በርበሬ (ቱዶው ሲ ይሉታል)፣ የተጨፈለቀ ኪያር በነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል በነጭ ሽንኩርት፣ የተጠበሰ ኦቾሎኒ፣ ቀዝቃዛ ቶፉ በሰሊጥ ዘይት፣ ነጭ ሩዝ። ፍራይድ ራይስ እንዳትዪ፣ እንቁላል አለው። ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ አብሮ የሚጠበስበት ዲ ሳን ሺያን የሚባል አለ፤ እጅ ያስቆረጥማል። እሱን ግን በአዲስ ዘይት ይጠበስልን ብለሽ ዋዜማውን ተናገሪ። ስምንት ሰው ይዤ እመጣለሁ ያለ ደንበኛን ማንም እምቢ አይልም።

መምሬ_አይደለሁም
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡48

ወንድማችን እሳት ፊት ባይጽፈው እንዴት ደስ ባለኝ! ስንት ዓመት በሰላም የበላሁትን ጎመን አረከሰብኝ።

ለማንኛውም፣ ኦይስተር ሶስ የጾም ጥያቄ ብቻ አይደለም። በፍስኩም ቢሆን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከአሳማው ጋር ተከልክሏል፣ ያንን ለሚጠብቅ ሰው ማለቴ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ኩሽና ገብቶ ዎክ ማሽተት የጾሙ አካል አይመስለኝም፣ እያወቁ «አላየሁም» ማለት ግን ሌላ ነው።

የገርጂዋ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 4፡02

እሳት ፊት፣ እግዜር ይስጥህ። አንድ ጥያቄ፦ ሜኑው ላይ «የዓሣ መዓዛ ያለው ደበርጃን» የሚል አለ። ከመካከላችን አንዷ ዓሣም አትበላም።

እሳት_ፊት
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 4፡15

ዓሣ የለውም። ሲቹዋኖች ዓሣ የሚሠሩበት ማጣፈጫ ነው፤ የኮመጠጠ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስኳርና አቼቶ። ግን እዚያም የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ጣል ማድረግ ይወዳሉ። «ያለ ሥጋ» በይ። የዘይቱን ነገርም አትርሺ።

አቡ_ራያን
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 1፡40

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። ስለ ሁለቱ ሙስሊሞች እኔ ልናገር፣ እስካሁን የተረሱ ይመስላሉ።

የአሳማው ነገር ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ በሬውን ማን አረደው? ትንሽ ቻይና ቤት ሥጋውን የሚገዛው ካገኘበት ነው፤ አስተናጋጇ «ሐላል ነው» ብትል ከየት ታውቃለች? ሁለተኛ፣ የምግብ ወይን። ሻኦሺንግ የሚሉት ከሩዝ የሚጠመቅ ወይን አለ፣ ሥጋና ዓሣ ላይ ጠረኑን ለማጥፋት ያፈሱበታል። አንዳንዴ አትክልት ላይም። ሦስተኛ ያው ዎክ ነው።

እኔ ከባልደረቦቼ ጋር ስሄድ ዘዴዬ ቀላል ነው፤ ጾመኞቹ ያዘዙትን እበላለሁ። ሥጋ የለ፣ ስብ የለ፣ ወይኑን ብቻ «ይቅር» እላለሁ። እናንተ ስድስት ሰው የሚበላው አንድ ዓይነት ምግብ ሆነ ማለት ነው፣ ሁለቱ ዶሯቸውን ይዘዙ። በነገራችን ላይ የክርስቲያን ጾም ሲገባ ቻይና ቤት የሚቀለን እኛ ነን፣ የማጣሪያውን ሥራ እናንተ ትጨርሱልናላችሁ።

እሳት_ፊት
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 2፡05

አቡ ራያን ልክ ነህ፣ ወይኑን ዘልዬዋለሁ። ዎኩ በየምግቡ መሀል ይታጠባል፤ ውኃ ይፈላበታል፣ በቀርከሃ መጥረጊያ ይፈተጋል፣ ይደፋል። በሳሙና ግን አይታጠብም። ያንን አውቆ የማይፈልግ ሰው በሌላ መጥበሻ ይሠራልኝ ማለት ይችላል። የኛ የሠራተኞቹ ሽሮ የሚሠራበት ድስት ከኋላ በኩል ሁልጊዜ አለ፣ ብዙ ቤት። ጾም ሲሆን ለሠራተኛው ለብቻ ነው የሚበሰለው።

ጓንዡ_ምልልስ
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 4፡30

ለዕቃ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ እመላለሳለሁ። ሺያኦቤይ ሰፈር የአፍሪካ ነጋዴ የሚበዛበት ነው፣ እዚያ ሐላል ቤት ፍለጋ አትደክሙም። የላንዡ የላም ሥጋ ኑድል የሚሉት አለ፤ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ሊጡን ጎትቶ፣ አጥፎ፣ ገጭ አድርጎ፣ እንደገና ጎትቶ ዓይናችሁ እያየ ክር ያደርገዋል። ባለቤቶቹ ሁዪ የሚባሉ ሙስሊሞች ናቸው፣ ብዙዎቹ እንዲያውም ከላንዡ ሳይሆን ቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ካለው ሁዋሎንግ የመጡ። ክርስቲያኑም ሐበሻ እዚያ ነው የሚበላው፣ አሳማ እንደሌለ ስለሚያውቅ።

ለጾም ደግሞ አንድ ቃል ያዙ፦ «ዎ ቺ ሱ»፣ ሥጋ የሌለበትን ነው የምበላው እንደማለት። ቻይናዎች የቡዲስት መነኮሳት ስላሏቸው ይገባቸዋል፤ ሥጋም ስብም እንቁላልም የሌለው ነው ብለው ያስባሉ። (አንዳንዱ እንቁላል ይፈቀዳል ብሎ ስለሚያስብ «ቡ ያው ጂ ዳን» ጨምሩ፣ እንቁላል አልፈልግም ማለት ነው።) መነኮሳቱ ነጭ ሽንኩርትም ስለማይበሉ ሼፉ ነጭ ሽንኩርቱን አስቀርቶ አልጫ ቢያመጣላችሁ አትደንግጡ።

ሌላው ምክሬ፣ ባለቤቱ ከየት ክፍለ ሀገር እንደሆነ ጠይቁ። ከሲቹዋን ወይ ከሁናን ከሆነ በርበሬው አይቻልም። ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ድንችና ደበርጃን፣ ዳምፕሊንግም (ሊጥ ውስጥ የተጠቀለለው)። የጓንግዶንግ ሰው ከሆነ ዓሣውን በእንፋሎት ነው የሚሠራው፣ በርበሬም አይወድም። ሜኑው ላይ መቶ ምግብ ቢኖርም ሼፉ ከልቡ የሚሠራው የአገሩን ነው።

ሆዴ_ይቅደም
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 6፡12

ስለ በርበሬ ከተነሳ፣ እኔ ሐበሻ ነኝ ብዬ እንዴት እንደምኮራ ታውቃላችሁ፤ ሚጥሚጣ ቆርጥሜ ያደግኩ ሰው። እዚያ ዶሮ ላይ የከመሩትን ቀይ ዛላ በሙሉ በላሁት። ቻይናዎቹ መብላታቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ከዚያ ምላሴ ተኛ። አላቃጠለኝም እኮ፣ ተኛ! ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋኝ ነበር የሚመስለው።

እሳት_ፊት
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 6፡40

ያ ዛላ አይበላም ወንድሜ፣ ዘይቱን ለማጣፈጥ ነው፤ ገፋ አድርገህ ዶሮውን ትለቅማለህ። ምላስህን ያስተኛው ደግሞ በርበሬው ሳይሆን ሁዋጂያዎ የሚባለው ቡናማ ፍሬ ነው፣ የሲቹዋን ቅመም። በርበሬውማ ለነሱም እንግዳ ነበር፤ እንደኛው በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር በንግድ የመጣ ነው። ሁዋጂያዎ ግን የራሳቸው ነው።

ጡረተኛው
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 8፡55

ልጆች፣ እያነበብኳችሁ ነበር። በኛ ጊዜ ቻይና ቤት የሚገባው ከረባት ታስሮ ነበር፣ የሠርግ ዓመት ሲከበር ወይ ዕድገት ሲገኝ። ከቻይና ጋር ግንኙነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በዓመቱ ጃንሆይ ቤጂንግ ድረስ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፣ በ1973 አየር መንገዳችን ሻንጋይ መብረር ጀመረ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቻይናዊ ማየት ብርቅ ነበር። አሁን መንገዱን፣ ባቡሩን፣ የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ ሲሠሩ የመጡት ሠራተኞች ለራሳቸው የሚሆን ወጥ ቤት ከፈቱ፣ እኛም ተከትለን ገባን። ለኛ ተብሎ ካልተሠራው ቤት ነው ደኅናው ምግብ ያለው። በድሮዎቹ ቤቶች ሁሉም ነገር ይጣፍጥ ነበር፣ ስኳር ስለሚበዛበት።

የገርጂዋ
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 9፡10

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። የመጨረሻዋን ቃል ለዚያ ዶሮ ካልታዘዘ ለሚለው ልጅ አነብለታለሁ፣ ጣፋጩን ዶሮ ነው የሚፈልገው።

ካሪአውት_ሹፌር
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡25

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። እናንተ ስለ ሲቹዋን ታወራላችሁ፣ እዚህ ያለው የሰፈር ቻይና ካሪ አውት (ገዝተህ ይዘህ የምትሄድበት ቤት) ሌላ ዓለም ነው። ወፍራም መስታወት፣ በመስታወቱ ላይ የምትዞር ትንሽ መስኮት፣ ገንዘብ አስገብተህ ክንፍ ታወጣለህ። የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ፣ ድንች፣ ላዩ ላይ መምቦ ሶስ የሚሉት ቀይ ጣፋጭ። ቻይና ያለ ሰው ቢያየው ምን እንደሆነ አያውቀውም፣ የዲሲ ጥቁሮች ምግብ ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰጡት ውስጡ ወረቀት ያለው ብስኩትም ከቻይና አይደለም፣ ካሊፎርኒያ የነበሩ ጃፓኖች ናቸው ያመጡት። ሌሊት ታክሲ ስነዳ ክፍት ሆኖ የማገኘው እሱን ብቻ ነበር። በጾም ግን አትሞክሩት፣ ሰላጣው ራሱ አጠራጣሪ ነው።

የአያት_እናት
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁላችሁም ስለ ዎኩ ታወራላችሁ፣ ስለ ማንኪያው ማንም አላነሳም! እነዚህ ቤቶች መሀሉ የሚዞር መስታወት ያለው ክብ ጠረጴዛ ነው ያላቸው። እኛ ከአንድ ትሪ መብላት ስለለመድን ደስ ይለናል፣ እናዞራለን። አንዱ ዶሮውን በጨለፈበት ማንኪያ ድንቹን ይጨልፋል፣ አለቀ። ያ ሁሉ የዶሮ ዱቄት ክርክር በአንድ ማንኪያ ከንቱ ሆነ። በየሳህኑ የራሱ ማንኪያ ይቀመጥ፣ የዶሮው ሳህን ደግሞ መስታወቱ ላይ አይውጣ። በላተኞቹ ሁለት ናቸው አይደል፣ ፊታቸው ይቀመጥላቸው።

ደግሞ ሰው በሰው አትዘዙ። «እኔ ይሄን፣ እኔ ያንን» ከተባለ ስምንት ትልልቅ ሳህን መጥቶ ግማሹ ይተርፋል፣ ሒሳቡም ያስደነግጣል። ለስድስት ሰው አምስት የጾም ሳህንና ሩዝ ይበቃል። ሩዙን «አሁን አምጡ» ካላላችሁ መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጡት፤ እነሱ ወጡን መጀመሪያ ለብቻው መብላት ይወዳሉ።

የገርጂዋ
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1፡45

ሄድን። እሳት ፊት እንዳለው ትናንት ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ ነበር። ኩሽና የምትረዳ ልጅ ጠርተውልኝ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ቻይንኛዋ ይፈሳል። የዶሮ ዱቄት ስላት ሳቀች፤ «እኛም በጾም ቀን የሱን ምግብ የማንቀምሰው በሷ ነው» አለችኝ። ወረቀት ላይ በቻይንኛ ጻፈችልኝና ዛሬ ለሼፉ ሰጠነው። ሼፉ ወጥቶ አየን፣ ቆጠረን፣ «ሱ፣ ሱ» እያለ ተመለሰ።

ድንቹ ሁለት ሳህን ተደገመ። ኪያሩ ቀድሞ አለቀ። ደበርጃኑን ለብቻው በትንሽ መጥበሻ ሠሩልን፤ ትንሽ ዘግይቶ መጣ፣ ግን እሳት ፊት «እጅ ያስቆረጥማል» ያልከው አንሷል። ሙስሊሞቹ ልጆች ከኛው በሉ፣ ወይኑ እንዳይገባ ወረቀቱ ላይ አስጽፌ ነበር። ባለ ዶሮው ዶሮውን ፊቱ አድርጎ ብቻውን ጨረሰው፣ ጓደኛው ሁለት ጉርሻ ቢደርሰው ነው። ያልተመቸኝ ቶፉው ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛና ምንም ጣዕም የሌለው፣ እንዲያው በሰው ፊት የዋጥኩት። ሒሳቡ ለስምንት ሲካፈል ባለፈው ወር ለስብሰባ ከወሰዱን ቤት የአንድ ሰው ክትፎ አይሞላም። ሻዩ ነጻ ነው።

ሆዴ_ይቅደም
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1፡58

ድንቹ ጥሬ አልነበረም? እኔ የበላሁት ይንኮሻኮሽ ነበር፣ መልሼ ልልክ ነበር።

እሳት_ፊት
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡20

መንኮሻኮሽ አለበት! ከለሰለሰ ተበላሸ። ቀጭን አድርገህ ትከትፈዋለህ፣ ከዚያ ውኃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስቴ ታጥበዋለህ፣ ስታርቹ እንዲወጣ። ካላጠብከው ዎክ ላይ ይያያዝና ገንፎ ይሆናል። ዘይቱ በደንብ ሲግል ዛላ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት፣ ወዲያው ድንቹ፣ እሳቱ እስከ መጨረሻው። አቼቶውን ግማሹን መጀመሪያ ጨምር፣ እሱ ነው እንዳይለሰልስ የሚይዘው፤ ግማሹን ልታወጣው ስትል ለመዓዛው። ጨው፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የአያት_እናት
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡41

በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሆናል? ጋዝ የለኝም።

እሳት_ፊት
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡50

ይሆናል እናቴ፣ ግን ለአንድ ለሁለት ሰው የሚሆነውን ብቻ በአንድ ጊዜ ይሥሩ። ብዙ ሲጨመር ብረቱ ይቀዘቅዝና ድንቹ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻውንም ባዶውን አስቀድመው ያግሉት።

ሆዴ_ይቅደም
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡53

አቼቶው የትኛው ነው፣ የኛው የሱቁ ነጩ?

እሳት_ፊት
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 3፡01

ጥቁሩን የቻይና አቼቶ ካገኘህ እሱ ይሻላል፣ ትልልቅ ሱፐርማርኬት አይጠፋም። ነጩን ከሆነ ቀነስ አድርገው፣ ይጎመዝዛል፤ ስኳር በጣት ጫፍ ጨምርበት።